ኩሽኔታው እስኪገባ

«ምታው እንጂ! እንቁላል ነው እንዴ?» ይላል አባዬ ከጋቢናው ውስጥ።

ወንድሜ ይመታል። የፊት ጎማው ወልቆ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ፒካፑ በቀኝ በኩል ክሪክ ላይ ተሰቅሏል፤ አባዬም አብሮት ተሰቅሏል። እናውርድህ ብንለው «ከወረድኩ መልሶ የሚጭነኝ የለም» ብሎ እምቢ አለ። በሽተኛ ከነመኪናው ተሰቅሎ ሲጠገን፣ ከኛ በፊት በዓለም ላይ የታየ አይመስለኝም።

ሐኪም ቤቱ ከኮረብታው ጀርባ ነው። በእግር ቢሄዱ ይደረሳል፤ ሰው ተሸክሞ ግን አይደረስም። ስልካችን እዚህ አይሠራም። ያለፈችው አንዲት መኪና ጡሩምባዋን ነፍታልን፣ አቧራዋን አልብሳን ሄደች። የፊት ጎማው ኩሽኔታ ማጉረምረም ከጀመረ ሰንብቷል፤ እኛ ሬዲዮ ከፍ እያደረግን ስናልፈው ኖርን። አዲሱ ተገዝቶ ወንበር ሥር ተቀምጧል። «እስቲ ትንሽ ይሥራ» የሚለው አባዬ ራሱ ነበር። ስለ ኩሽኔታውም፣ ስለ ደረቱም። ዛሬ ሁለቱ ተነጋግረው እምቢ አሉ።

ጥገናው የወንድሜ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉን ግን ዝገት በልቶታል። እኔ ግልባጩ ነኝ፤ መዶሻ ቢሰጡኝ የምመታው የገዛ አውራ ጣቴን ነው። ስለዚህ እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ የተበላውን ኩሽኔታ ሊያስወጣ ይታገላል። እኔ በተከፈተው በር ቆሜ፣ የአባዬን እጅ ይዤ፣ ቀደዳዬን እለቃለሁ።

በቤታችን ቀደዳ እንደ ገበያ ነው። እኔ እቆልላለሁ፣ አባዬ «ቀንስ!» ይላል። እቀንሳለሁ። እንደገና «ቀንስ!» ለሰው የሚነገር ያህል ሲሆን «በቃ፣ በዚህ ውሰደው» ብሎ ይስቃል። ሳያስቀንሰኝ ያለፈ ወሬ የለኝም።

«ያ ሜዳው ላይ የመታን ነፋስ ትዝ ይልሃል አባዬ? የፊት መብራታችንን ጨረር እንደ ሽቦ ያጠፈው? ኩርባው ጋ ሳንደርስ ከኩርባው ወዲያ ያለውን ሁሉ እያሳየን…»

«ቀንስ» ይላል። ትንፋሹ አጭር ነው።

«እሺ፣ አላጠፈውም። ትንሽ አጎበጠው።»

«አሁንም… ቀንስ።»

«እሺ፣ አንዱን መብራት ብቻ።»

ይስቃል። ሳቁ ወደ ውስጥ ገብቶ ደረቱ ላይ እንደ ጠጠር ይንኳኳል።

«አታስቀው አንተ!» ይላል ወንድሜ ከታች። «ትንፋሹን ልትጨርስበት ነው?»

«ተወው» ይላል አባዬ። «ይልቅ አንተ መዶሻህን ጠብቅ። ድምፁ አይሰማህም? አንዱን ወገን ብቻ ስትደበድበው ነክሶ ይቀራል። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ! ስንቴ ልንገርህ፣ አንተ ድንጋይ!»

ድንጋዩ ወንድሜ ዙሪያውን እያዳረሰ ይመታል። የአሮጌው ኩሽኔታ ቀለበት ተገፍቶ ይወጣና መሬት ላይ ይወድቃል። አነሳዋለሁ፤ ገና ትኩስ ነው። ውስጡ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጠርዙ ተቦጫጭቋል።

«በዚህ ነው እስከዛሬ የሄድነው?» እላለሁ። «ይሄን ውሻ እንኳ አኝኮ፣ አይሆንም ብሎ የተፋው ነው የሚመስለው።»

አባዬ ፈገግ ይላል። ዐይኑን ወደ ኮረብታው ይመልሳል።

ወንድሜ የሞዞውን ውስጥ በጨርቅ ይጠርጋል። አዲሱን ኩሽኔታ ከወረቀቱ ያወጣል። ከቆርቆሮው ግራሶ ዝቆ በመዳፉ ይይዝና፣ የኩሽኔታውን ጠርዝ እዚያ ላይ እየጫነ፣ ግራሶውን በብረቶቹ መሃል ያስገባል። በሌላው ይቸኩላል፣ በዚህ አይቸኩልም። ግራሶ ያልጠገበ ኩሽኔታ ኮረብታውን አይጨርስም።

እኔ ሌላ እጀምራለሁ። «ወንዙ ሞልቶ ያገደን ጊዜስ አባዬ? ዓሣው ላይ ነድተን አይደል የተሻገርነው? ጀርባው ድልድይ ያክል ነበር።»

ዝም።

«እንዲያውም ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል።»

«ቀንስ» አይልም። እጁ ቅድም እንደነበረው እጄ ውስጥ ነው፤ ከብዷል ብቻ። ዐይኑ ኮረብታው ላይ ነው። ዝንብ መጥታ ከንፈሩ ላይ ታርፋለች፤ ከዳር ዳር ትራመዳለች። እፍ አይላትም።

ካቆምኩ ወንድሜ ቀና ይላል። ክሪኩ ላይ የተሰቀለ መኪና፣ የተፈታታ ጎማ፣ ሰው የማያልፍበት መንገድ… አላቆምም። እጨምራለሁ። «ጅራቱ ሌላ አገር ነበር እኮ አባዬ! እኛ ጭንቅላቱ ላይ ስንወጣ ቀትር ነው፤ ጅራቱ ጋ ስንደርስ መሽቶ፣ ሰዉ ተኝቶ፣ ጨረቃዋ ክንፉ ላይ ወጥታ…» ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን ያህል ቆልዬ አላውቅም። ሰማይ አድርሼዋለሁ። የሚያወርደው የለም።

«ምን አለ አባዬ?» ይላል ወንድሜ ከታች።

ዓሣዬን ከነወንዙ እውጠዋለሁ።

«እንቅልፍ ወሰደው» እላለሁ።

ይህቺ ቀደዳ ትንሽ ናት። ሕፃን የሚሸከማት፣ ማንም ሰው ሊያምናት የሚችል።

ወንድሜ ቀና አይልም። እጁ ለአፍታ ቆሞ መልሶ ይቀጥላል።

«እሺ» ይላል። «አትቀስቅሰው።»

ኩሽኔታው ጠግቧል። በወዲህ የገባው ግራሶ በወዲያ በኩል ተንፏቅቆ ወጥቷል። የቀረው እሱን ቦታው ማስገባት፣ ዳዶውን ማሰር፣ ጎማውን መግጠም ነው። ከዚያ ደግሞ መነሳት አለ። ተነስቶ በበሩ በኩል ማየት አለ።

ወንድሜ ከቆርቆሮው ሌላ ግራሶ ይዝቃል። ይጭናል። ግራሶው በጣቶቹ መሃል ሞልቶ፣ አንጓውን አልፎ፣ ወደ ክርኑ እየወረደ ነው። እሱ ይጭናል። ደግሞ ይዝቃል።