በብብት የሞቀ መርፌ

አማት ነገረኛ ናት ያለው ማነው? የእሷ አማት እትዬ አልጋነሽ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለመውለድ ሕክምና ስትጀምር "ልጄን ባዕድ አይወጋብኝም" ብለው መርፌውን ራሳቸው ያዙ። የራሳቸው ልጅ ሶስናስ ብትሆን ልጅ ብርቅ ሆኖባት የለ? ጭንቀቱ ይገባቸዋል። ማታ ማታ ዱቄቱን መድኃኒት በውሃ ሊበጠብጡ ጓዳ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ቅዝቃዜው እንዳያማት መርፌውን በብብታቸው አሙቀው ነው። ከዚያ ወንድ ልጃቸውን፣ ባሏን፣ "በሩን ዝጋው፣ ብርድ እንዳይመታት" ይሉታል።

ለክትትል ክሊኒክ በሄደች ቁጥር ግን ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እያየ ፊቱ ይጨፈግጋል። እንቁላሎቿ አላደጉም። መጠኑን ጨመረላት፤ ደግሞም ጨመረላት። አማቷ እንባዋን በነጠላቸው እየጠረጉ "እመብርሃን ታውቃለች፤ ብቻ መርፌውን እንዳታቋርጪ" ይሏታል።

ዛሬ ሐኪሙ ራሱ ተስፋ ቆረጠ። "ሰውነትሽ መድኃኒቱን እንቢ ብሏል፤ እናቁመው" አላት። የአማቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ልታለቅስ፣ ከወትሮው ቀድማ እቤቷ ገባች።

የጓዳውን በር ስትከፍት ሶስና ሆዷን ገልጣ ተንጋላለች።

"እማዬ፣ የእኔ ሐኪምማ ደስ ብሎታል፤ ሁሉም አድገዋል አለኝ" ትላለች። "ለእሷስ ዛሬ ምን ተረፈ?"

"ውሃው አለ አይደል" አሉ እናትየው፣ መርፌውን ከብብታቸው እያወጡ።

ቀና ሲሉ ምራታቸውን አዩአት።

"በሩን ዝጊው እንጂ፣ ልጄ" አሏት፤ "ብርድ እንዳይመታት።"