የቮልሷ ትንፋሽ

ሥርጉት የሟች አባቷን ቮልስ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ያመጣቻት ለነገው ተዝካሩ ወደ ጎረቤላ ልትሄድባት ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠራት ትጠፋለች።

መካኒኩ ወርቅአገኘሁ ለሞተሩ አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና የቤንዚኑን ቀዳዳ እንደ ልማዱ በአፉ እፍ አለበት።

«አባዬም እንዲሁ ነበር የሚያጸዳው፤ ደረቱን የጎዳውም ይኸው ነው» አለች።

ደግሞ እፍ ሲል ቀዳዳው ተከፈተለት። ከንፈሩን ከማንሣቱ በፊት ግን ሞቅ ያለ፣ ጤና አዳም የሚሸት አየር ከብረቱ ወደ አፉ ተመለሰ።

«ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ጤና አዳም ይዘዋል እንዴ? አባዬ ከጆሮው አይለየውም ነበር።»

ወርቅአገኘሁ የካርቡራተሩን አፍ በመዳፉ ከደነው። ከሞተሩ የተለየው ብረት መዳፉን ስቦ ያዘ፤ ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ እንደገና ሳበ።