የጥቁሯ መኪና ዋጋ

ውድ ዕቃ በብር መሸጥ ከቀረ ቆይቷል። አሁን ሻጭ የሚቀበለው ትዝታ ነው፤ ዕቃው በከበረ ቁጥር ገዢው የሚሰጠው ትዝታም መክበር አለበት። ከሰጠው በኋላ ደግሞ መልሶ አያገኘውም።

ወይዘሮ ይመናሹ ይህን እያወቁ ነው ልጃቸው መክብብ በገዛት ጥቁር መኪና የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት። መኪናዋ አዲስ ናት፤ መልኳ ግን የጥንት ነው፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት። ሟች ባላቸው አቶ ወርቅአገኘሁ የሰው ሾፌር ሆነው ዕድሜ ልካቸውን የነዷት አንዲት መኪና ነበረች፤ ይህችም ቁርጥ እሷን ናት። መክብብ በልጅነቱ፣ "አባዬ የሰው ይነዳል፤ እኔ ግን የራሳችንን እነዳለሁ" ይል ነበር።

"ለምን እንደሆነ እንጃ እማዬ፣ ልቤ እሷ ላይ ነበር" አለ መሪውን እየዳበሰ። "ዋጋዋ አይገባትም?"

"ታምራለች ልጄ። በል እንደ አባትህ አድርገህ አስነሳት።"

መክብብ ግራ ገብቶት በመስታወቱ አያቸው። አቶ ወርቅአገኘሁ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ሳያሳርፉ ሞተር አስነስተው አያውቁም ነበር። ወይዘሮ ይመናሹ ወደፊት ጎንበስ ብለው የልጃቸውን እጅ እንጨቱ ላይ አኖሩና ባላቸው ሁልጊዜ ይሉት የነበረውን አሉ።

"መኪናው የሰው፣ መንገዱ የእግዜር፤ ነፍሳችንን አደራ።"

መክብብ ፈገግ አለ። "እንዴት ደስ ይላል! ከማን ሰማሽው?"

ወይዘሮ ይመናሹ እጁን ቀስ ብለው ለቀቁት።

"ከአንድ ሾፌር" አሉ።