የሼቭሮሌቱ ሽማግሌዎች

የጋሽ ደምሰውን አሮጌ ሼቭሮሌት በሕይወት ያቆዩት ወይዘሮ አልታየወርቅ ናቸው። ሟች ባለቤታቸው ልክ እንደዚያው ዓይነት መኪና ነበራቸው። አንድ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ጋሽ ደምሰው ከረባታቸውን አስረው ወይዘሮዋ ቤት ከች ይላሉ።

«ከባለቤቴ መኪና ላይ መካኒክ ጠርቼ አስፈታዋለሁ፤ ቅዳሜ ብቅ ይበሉ» ይባላሉ። ካርቡራተሩም፣ የበር እጀታውም የተገኘው እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ሞተሩ ራሱ ለገመ። ሙሉውን መኪና ይሽጡልኝ ማለት አፋቸው ላይ ከበዳቸውና፣ «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል» ብለው አስነግረው ሦስት የዕድር ሰዎች ላኩ። እሳቸው አጥሩ ሥር ቆመው ጠበቁ።

ሽማግሌዎቹ ግንባራቸውን እየጠረጉ ወጡ።

«እሺ አለች?»

«ጋራዡን ከፍታ አሳየችን፤ ከሰል ብቻ ነው ያለው። መኪናው ከተሸጠ ስድስት ዓመቱ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ዕቃ ከየት መጣ?»

«መርካቶ ለመርካቶ እየዞረች ስትፈልግልህ ኖራ ነዋ! ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ ይመጣል ስለተባለች የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስባ ጠበቀችን። እኛ ስለ ሞተር አወራናት።»

ጋሽ ደምሰው ከረባታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ታዲያ ምን ቆማችኋል? ተመልሳችሁ ግቡ እንጂ!»