የዶክተር ኤርሲ ተዝካር

"አሁንም ሰረዘው!! ይሄ ሰውዬ አይታክተውም እንዴ?!"

ኤልፒዳ የላፕቶፑን ክዳን ልትሰብረው ምንም አልቀራት...

ተሰሎንቄ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። ከክፍል ጓደኛዋ ከስቴርጎስ ጋር ሆነው፣ ማንም ሰው ገብቶ በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ የዶክተር ኤርሲ ማላማን የሕይወት ታሪክ እየጻፉ ነው።

ዶክተር ኤርሲ ማን መሰሏችሁ?

ባሏ ደብድቧት ሐኪም ቤት የሄደችን ሴት "ነርቭ ነው" ብለው፣ ክኒን አስይዘው ወደ ደብዳቢዋ በሚመልሱበት ዘመን... "በሽተኛው እሷ አይደለችም፣ መቺዋ ነው!" ብለው አደባባይ የወጡ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ።

የኤልፒዳ እናት ያንን ክኒን ስትውጥ ነው የኖረችው።

ስለዚህ ለኤልፒዳ ነገሩ የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም። የእኚህ ሴት ስም ተረስቶ እንዲቀር አልፈለገችም...

ችግሩ፣ ስለ ዶክተር ኤርሲ የታተመ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ያገኙት የገዛ መምህራቸውን የፕሮፌሰር ካራቫስን መጽሐፍ ነው።

መግቢያው ላይ "ሟቿ ባልደረባዬ ኤርሲ የጀመረችውን ጥናት እኔ ፈጸምኩት" ይላል።

እነሱም "በሞት ተለይተዋል" ብለው ጻፉ።

አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እየመረጠ ይሰርዛታል። እነሱ ይመልሳሉ... እሱ ይሰርዛል...

ኤልፒዳ በመወያያ ገጹ ላይ ጻፈችለት።

"ለምንድነው የምትሰርዘው?"

"ስላልሞተች።"

"ምንጭ አምጣ!"

"ምንጩ እኔ ነኝ ልጄ። ኤርሲ ነኝ።"

ስቴርጎስ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። "እኔ ደግሞ ታላቁ እስክንድር ነኝ በይልኝ!"

ኤልፒዳ አልሳቀችም። ደሟ ፈላ።

"ሴቶችን ከታሪክ የምታጠፉት እንዳንተ ያላችሁት ናችሁ! ጭራሽ በስማቸው ትቀልዳለህ?"

ብላ ለአዘጋጆቹ ከሰሰችው። የመዝገቡ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው... ሰው ለራሱ ምስክር መሆን አይችልም፤ የታተመ ጽሑፍ ካላመጣ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ሰውየው ታገደ።

"እፎይ! ተገላገልን" አለች።

ጽሑፉ ያለቀ ዕለት የኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ መታሰቢያ ተዘጋጀ፤ ጥሪውም እዚያው ገጹ ላይ ተለጠፈ። የስቴርጎስ እናት "ያለ ኮሊቫ ምን ተዝካር አለ?" ብለው ስንዴውን ቀቅለው፣ በዘቢብና በስኳር ለውሰው ይዘው መጡ። የዶክተር ኤርሲ የወጣትነት ፎቶ ላይ ጥቁር ሪባን ታሰረ።

ፕሮፌሰር ካራቫስ ንግግር ጀመረ... እንባ እንባ እያለው።

"ኤርሲ ለእኔ እህቴ ነበረች..."

ይሄኔ አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ገቡ። ፎቶውን ቆም ብለው አዩት። ከዚያ ከኮሊቫው በማንኪያ ጨለፍ አድርገው ቀመሱ።

የስቴርጎስ እናት ጠጋ አሉና "ነፍስ ይማር ይበሉ እንጂ እማማ" አሏቸው።

"አልልም!"

"ውይ፣ ምነው?"

"አንደኛ፣ ስኳሩ በዝቷል። ሁለተኛ፣ ሰው ለራሱ ነፍስ ይማር ይላል እንዴ?"



ሰው ሁሉ ፎቶውን አየ። ሴትየዋን አየ። ያው ዓይን... ያው አገጭ...

የካራቫስ ፊት አመድ መሰለ። "ኤ... ኤርሲ?"

"አዎ ካራቫስ። ቀብሬ ላይ ምነው ሳትጠራኝ ቀረህ?"

"እኔ እኮ... ካቫላ ከተማ ገባች ሲሉ... ከዚያ ደግሞ ሞተች ሲባል ሰምቼ..."

"ካቫላ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው! ለቅሶ እንኳ ሳትደርስ ጥናቴን ወረስክ! የሞተ ሰው አይከስም ብለህ ነው አይደል?!"

ካራቫስ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

ኤልፒዳ ተጠጋች።

"ዶክተር... በኢንተርኔት ያ... ያሳገድኩት ሰው... እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ... ምንጭ ስላልነበረ ነው..."

"ስሚኝ ልጄ። ያን ጊዜ ሐኪሞቹም እንዲሁ ነበር የሚሉት። ሴትየዋ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ በልዞ ፊታቸው ቆማ 'ባሌ መታኝ' ስትል፣ 'ማስረጃሽ የታለ?' ይሏታል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት 'የሴትን ቃል ስሙ!' እያልኩ ነው። አንቺ ግን እኔን ላከብር ብለሽ የእኔኑ አፍ ዘጋሽ። ካራቫስ እኔን ለመቅበር መጽሐፍ መጻፍ ነበረበት... አንቺ በአንድ ጣት ጨረስሽው!"

ኤልፒዳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ዶክተር ኤርሲ አላባበሏትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አልቅሰሽ ስትጨርሺ ጠይቂኝ። እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።"

*

ካራቫስስ? አሁንም ያስተምራል። መጽሐፉም ይሸጣል። ያናድዳል አይደል? ያናድድ እንጂ!

ወዳጆቼ... ለተበደለ ሰው ድምፅ እሆናለሁ ከማለታችን በፊት፣ ያ ሰው ራሱ እየተናገረ እንዳይሆን ጆሯችንን እንክፈት። በቁሙ ቃሉን ላልሰማነው ሰው ተዝካር ማሳመር ክብር አይደለም፤ ሁለተኛ መግደል ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በዶክተር ኤርሲ ቦታ ብትሆኑ የትኛው ይበልጥ ያማችኋል? የሰረቃችሁ ካራቫስ... ወይስ እየወደደቻችሁ ያላመነቻችሁ ኤልፒዳ? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።