የብርነሽ ሕዋሳት

ብርነሽ በጉሮሮ ካንሰር ከሞተች በኋላ፣ ከዕጢዋ ተቆርጠው የተወሰዱት ሕዋሳት አዲስ አበባ ባለ አንድ የምርምር ክፍል ብልቃጥ ውስጥ መራባታቸውን ቀጠሉ። ዶክተር ታምራየሁ በእነዚያ ሕዋሳት ላይ መድኃኒት እየሞከረ ስሙ ተጠራ። እናቷ ወይዘሮ ደጊቱ ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከአሰላ እየመጡ በማይክሮስኮፕ ያዩዋት ነበር።

"እንዴት ከረምሽ፣ እናትዬ?" ይሏታል ጎንበስ ብለው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ "ልጄ አዲስ አበባ ናት" ነበር መልሳቸው።

ዘንድሮ ሲመጡ ዶክተሩ ወንበር አቀረበላቸው፤ ማይክሮስኮፑን ግን አላበራም።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የዘረመል ምርመራ አስደርገን ነበር። እነዚህ ሕዋሳት የብርነሽ አይደሉም። የወንድ ናቸው።"

"የምን ወንድ?"

"የማናውቀው ሰው ነው። ከሌላ ብልቃጥ በስህተት የገቡ ናቸው። ቶሎ ቶሎ ስለሚራቡ የእሷን አጥፍተው ቦታውን ያዙት።"

ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት መድኃኒት ለማያውቀው በሽታ እንደሆነ፣ እሱም ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ሊነግራቸው ፈለገ። እሳቸው ግን ያን አልጠየቁትም።

"የኔዋስ?" አሉት።

ዶክተሩ አቀረቀረ።

"የእሷ ገና በመጀመሪያው ወር ነው የሞቱት፣ እማማ።"

ወይዘሮ ደጊቱ ከወንበሩ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘቅዝቀው ለበሱና ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።