የኦቾሎኒው መጠቅለያ

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ኃላፊ ለእረፍት የታደለችውን ኦቾሎኒ ጨርሳ መጠቅለያውን ልትጥል ስትል የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች። ቅባት በጠጣው ወረቀት ላይ የአንዲት ታካሚ ስም፣ ከሥሩም የደም ምርመራዋ ውጤት ሰፍሯል። አፏ ውስጥ የቀረችው ፍሬ እንደ ትል ተንቀሳቀሰችባት፤ መዋጥም መትፋትም አቃታት። አሁን ከእረፍቱ በፊት፣ ስለ ታካሚ ምስጢር አጠባበቅ የሚያሠለጥናቸው ጠበቃ «ለመሆኑ ምስጢሩ የት ነው የሚቀመጠው?» ቢል፣ ያንገቷን የካርድ ክፍል ቁልፍ ብድግ አድርጋ «እኔ ጋ ነዋ! ሆድ ይፍጀው ብዬ!» ብላ ቤቱን አስጨብጭባ ነበር። በቀደም የክሊኒኩ በር ላይዋ ኦቾሎኒ ሻጭ «መጠቅለያ አጣሁ እኮ፣ እናቴ» ስትላት ግን አሮጌዎቹን ወረቀቶች በማዳበሪያ ሞልታ የሰጠቻት እሷው ነበረች፤ ጽድቅ መስሏት።

ቀና ስትል አዳራሹ በሙሉ ያኝካል። ከጎኗ የተቀመጠው ሹፌር ጨው የነካውን ጣቱን እየላሰ የራሱን ወረቀት ዘረጋጋ።

«እትዬ፣ ይሄ የኛ ነው እንዴ? ይቺ ሌባ! ቆይ፣ ዘበኛውን ልጥራባት!»

«ተው ልጄ፣ አልሰረቀችም። የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ተነሣች። ቁልፉን ካንገቷ አውልቃ ጠበቃው ፊት አስቀመጠችና ባዶ ካርቶን ይዛ መካከላቸው ቆመች። «ልጆቼ፣ የያዛችሁት የታካሚ ወረቀት ነው። በሞቴ፣ ሳታነቡ እዚህ ጣሉልኝ።»

ማኘኩ ቆመ። ከመቀመጫው የተነሣ ግን አልነበረም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ይዘረጋ ጀመር።